ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው!

ይህ ዓምድ የፍቅርና የትዳር ጣጣ ብቻ የሚነሳበት የሚመስላችሁ ካላችሁ ዛሬ ሌላ ጉድ ይዘን መጥተናል። በዛሬው ደብዳቤ ውስጥ እጮኛም አለች፣ ጭንቀትም አለ፤ ዋናዋ ባለጉዳይ ግን መኪና ናት። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ፍሬ ፍሬው ተለቅሞ እነሆ፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ብዙ ቦታ ተንከራትቼ በመጨረሻ የዕቁብ ብር ሲወጣልኝ፣ ታላቅ ወንድሜም ጨምሮልኝ አንድ አሮጌ ቪትዝ ገዛሁ። አሁን በስልክ የሚጠራ ታክሲ እሠራለሁ። እናቴም፣ የምትማረው ታናሽ እህቴም በዚች መኪና ላይ ናቸው። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ግን ሙቀት ትሠራብኛለች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ቀይዋ መብራት ቦግ ትላለች። ጠዋት ጠዋት አንድ ሃይላንድ ሙሉ የቧንቧ ውሃ አጠጣታለሁ፤ በማግስቱ ስከፍተው ጎድሏል። አንዱ መካኒክ 'ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለውና ተገላገል' አለኝ። ሌላው 'ራዲያተሩ ይቀየር' ብሎ የማልችለውን ዋጋ ጠራብኝ። ባለፈው ቅዳሜ እጮኛዬን ይዤ ቤተሰቦቿ ጋ ቢሾፍቱ ስሄድ ዱከም ላይ ፈላችብኝ። ተናድጄ ክዳኑን ልከፍት ስል እሷ ናት እጄን ይዛ ያስቆመችኝ። ራዲያተሩን እኔው ቤቴ ማጽዳት እችላለሁ ወይ? ምከሩኝ። — 'ሞተሬ የሚፈላው' ነኝ፣ ከጉርድ ሾላ።»

ወንድማችን፣ ከሁሉ አስቀድመህ እጮኛህን አጥብቀህ ያዛት! ያን ክዳን ከፍተኸው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤህ የሚመጣልን ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ በቀላሉ አትገኝም።

ወደ ጥያቄህ ስንመጣ፣ አጭሩ መልስ «አዎ፣ ትችላለህ» ነው። ረጅሙ መልስ ግን «ማጽዳቱስ ይጸዳ፤ ለመሆኑ ውሃው የት ነው የሚሄደው?» የሚል ነው። የመኪና ማቀዝቀዣ እንደ ጀበና በየቀኑ የሚሞላ ነገር አይደለም። ዙሪያው ዝግ ነው። ጤነኛ መኪና ወራት ሙሉ ይህ ነው የሚባል ውሃ ሳትጠይቅ ትሄዳለች። በየማለዳው አንድ ሃይላንድ የምትጨልጥ መኪና ግን ወይ ወደ ውጭ ትተፋዋለች፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ታስገባዋለች። እናንተ ስትሞሉ፣ እሷ ስትጨርስ፣ ስትሞሉ፣ ስትጨርስ... አንድ ቀን ሞተሩ ይሄዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለጎርፍ ብቻ መስሏችኋል?

ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያለችውን አሮጌ መኪና ማሰንበት የብዙ ወጣት የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምንለው ለሁላችሁም ነው። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ ጋዜጣውን እንዳታጥፉት! የአባታችሁን መኪና ታድኑ ይሆናል።

ራዲያተር ሥራው ምንድን ነው?

ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቀጣጠል የእሳቱ ግለት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ብረቱ ቀልጦ የማይቀረው በዙሪያው ውሃ ስለሚዞር ነው። ፓምፑ ውሃውን ይገፋዋል፣ ውሃው የሞተሩን ትኩሳት ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይመጣል፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ከፊት የሚገባው ነፋስና ፋኑ ያቀዘቅዙታል፣ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ከምትከፍሉበት ነዳጅ ጉልበት ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው በዚህ መንገድ በሙቀት መልክ ተጠርጎ ይወጣል። እንግዲህ እነዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች በዝገትና በቅርፊት ሲደፈኑ፣ ወይም በውጭ በኩል ጭቃና ነፍሳት ሲለጠፍባቸው ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅታችሁም።

አሁን ደግሞ የአዲስ አበባን ጉዳይ ስሙኝ። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው ተብለን በሳይንስ ክፍል ተምረናል አይደል? እሱ በባሕር ጠረፍ ነው! ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 3,000 ሜትሩን ያለፈው እንጦጦ ላይ ደግሞ ጭራሽ ከ90 በታች ይወርዳል። የብዙ ትንንሽ የጃፓን መኪኖች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ግድም ነው። በሞተሩ የተለመደ ሙቀትና በመፍላት መሃል የቀረችው ክፍተት የስንት ዲግሪ እንደሆነች ልብ በሉ!

ታዲያ ምንድን ነው የሚያድነን? ያ ሁሉም ሰው የሚንቀው ክዳን! የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ተራ መክደኛ አይደለም። ስፕሪንግና ጎማ አለው፤ ውስጡ ያለውን ውሃ አምቆ ይይዛል። የታመቀ ውሃ ቶሎ አይፈላም፣ እዚህ ከተማችንም ሆኖ ከ110 ዲግሪ በላይ ሊታገስ ይችላል። አናቱን ብታዩት 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው፤ የሚችለው ግፊት ማለት ነው። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን እንጦጦን ስትወጡ መፍላት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ራዲያተር ልቀይር ከማለታችሁ በፊት ክዳኑን እዩ። ክዳን ስትቀይሩም ቁጥሩ ከመኪናችሁ ጋር አንድ ይሁን።

«እኛ አገር በረዶ የለም!»

ኩላንት ተጠቀሙ ሲባል ብዙ ጀለሶች የሚመልሱት ይህን ነው። «እሱ የፈረንጅ አገር ውሃ እንዳይረጋ ነው፤ ለአዲስ አበባ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ኩላንት ውሃ እንዳይረጋ ያደርጋል። ግን ሁለት ሌላ ሥራም አለው። አንደኛ፣ የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ከላይ እንዳልነው ደግሞ እኛ ደገኞቹ ይህን ከማንም በላይ እንፈልገዋለን። ሁለተኛ፣ ብረቱና አሉሚኒየሙ እንዳይበላ የሚከላከል መድኃኒት አለው።

የቧንቧ ውሃ ግን ይህ የለውም። ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ነጭ ቅርፊት ከውሃው የመጣ ነው። በየቀኑ አዲስ የቧንቧ ውሃ ለመኪናችሁ ስታጠጡ በየቀኑ አዲስ ቅርፊት እየጨመራችሁ ነው። ማንቆርቆሪያውን በእጅ መፈግፈግ ይቻላል፤ የራዲያተር ቱቦ ውስጥ ግን እጅ አይገባም።

ከመንካታችሁ በፊት

አንድ የማውቀው የሚኒባስ ረዳት አለ። ዛሬም ድረስ አንገቱንና ግራ ጉንጩን በሻርፕ ሸፍኖ ነው የሚሠራው። የፈላ ራዲያተር ሲከፍት ነው የደረሰበት። ታምቆ የነበረው ውሃ ክዳኑ እንደተነሳለት በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይቀየራል፤ ውሃ ሲተን ደግሞ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይነፋል። በፊታችሁ ላይ የሚፈነዳው እሱ ነው። ጨርቅ ደርቤ፣ ቀስ ብዬ፣ ዞር ብዬ... የሚባለው ሁሉ አያዋጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ስለዚህ ሥራችሁን እሁድ ጠዋት ጀምሩ፣ መኪናዋ ስታድር። ክዳኑን በእጃችሁ ስትነኩት እንደ ማንኛውም ብረት ቀዝቃዛ መሆን አለበት።

ምናልባት ክፉ ቀን ገጥሞ ሰው ቢቃጠልባችሁ፣ ቶሎ ብላችሁ ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጉት፤ በረዶ አይደለም፣ ተራ ቀዝቃዛ ውሃ። ቀለበት፣ ሰዓትና ያልተጣበቀ ልብስ አውልቁለት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚባለውን ተዉት! ሙቀቱን ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል።

የምታዘጋጁት ይህን ነው፦ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ባለክዳን ጀሪካን፣ የጎማ ጓንት፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለመሙያ የሚሆን ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ (ገልብጣችሁ አፉን ወደ ታች ስትይዙት ይሠራል)፣ ለመኪናችሁ የሚሆን ኩላንት፣ እና በየነዳጅ ማደያው የሚሸጠው የባትሪ ውሃ። ልብ በሉ፣ የባትሪ ውሃ ነው ያልነው፤ የባትሪ አሲድ አላልንም! ሁለቱን ያምታታ ሰው ራዲያተሩንም እጁንም ይሰናበታል።

መጀመሪያ ዓይናችሁ ይሥራ

ክዳኑን ክፈቱና ውስጡን በባትሪ መብራት እዩ። ፈሳሹ ጥርት ብሎ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ደግ ነው። እንደ ሻይ ቡኒ ከሆነ ዝገት አለ፣ መታጠብ ይፈልጋል። እንደ ማኪያቶ ደፍርሶ ቅባት ከያዘ ግን እዚያው አቁሙ! ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፣ ወደ ጋራዥ ነው። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳንም ገልብጣችሁ እዩት። ቢጫ አረፋ ካለበት አትዝናኑ፣ መካኒክ ይመርምረው።

ማታ መኪናዋ ስትቆም ከሥሯ ደረቅ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ነጠብጣብ ካለ የት አካባቢ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ከፊት ከሆነ ራዲያተሩን ወይም ቱቦዎቹን፣ ከሞተሩ ጎን ከሆነ ፓምፑን ጠርጥሩ። ቱቦዎቹን በጣታችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም እንደ ሊጥ የላላ ካለ ይቀየር። ፋሼታዎቹ ከላሉ ጥብቅ ይደረጉ።

ከውጭ ወደ ውስጥ

መታጠብ የሚጀምረው ከውጭ ነው። አንዳንዴ ሰው ውስጡን ሲያጥብ ይውልና በሽታው ፊት ለፊት የተለጠፈው ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ፋኑ የኤሌክትሪክ ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ጣታችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፍቱ። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ጥረጉ። ውሃውን ደግሞ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ለፊት እንዲወጣ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቆሻሻው በገባበት ይወጣል። ኤሌክትሪክ ነገሮቹን በፌስታል ሸፍኑ።

የላቫጆ ልጆች በዚያ በሚጮኸው ጎማ ራዲያተሩን ሲያራጩት ካያችሁ ግን «ኧረ በሕግ!» በሏቸው። እነዚያ እንደ ወረቀት የሳሱ ቅጠሎች በኃይለኛ ውሃ ይተኛሉ፤ ከተኙ ደግሞ ነፋስ አያሳልፉም። ኤሲ ያላት መኪና ከሆነች ከራዲያተሩ ፊት ሌላ እሱን የሚመስል ነገር አለ፤ የሁለቱ መሃል የአቧራና የላባ መጋዘን ነው፣ እሱንም አትርሱት።

አሁን ወደ ውስጡ። የፈታችሁትን የባትሪ ሽቦ መልሱ። መኪናዋን ደልዳላና አየር ያለበት ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹ ዜሮ ወይም ፓርክ ላይ ይሁን። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ሳፋውን ከራዲያተሩ ሥር አድርጉና ከታች ያለውን ማፍሰሻ ቀስ ብላችሁ ፍቱ። ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ ጉልበት አይወድም። ማፍሰሻ ከሌላት ወይም ከተጣበቀ የታችኛውን ቱቦ ፋሼታ በፒንሳ ፈትታችሁ ቱቦውን አውልቁ። የትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያዋን ፕላስቲክም አውጥታችሁ እጠቡ፤ ታቹ ላይ የተኛ ዝቃጭ አይጠፋም።

ፈሳሹ ሲያልቅ ማፍሰሻውን ዝጉ፣ ንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ ክደኑ። የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሞቃት ላይ አድርጉና ሞተሩን አስነሱ። ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ጠብቁ፤ የላይኛው ቱቦ መጋል ሲጀምር ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ትሥራ። አጥፉ። አሁን ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው... እስክትቀዘቅዝ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። ቡና ይፈላ፣ ካርታም ይጫወቱ! ስትቀዘቅዝ አፍስሱ። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ሁለት ሦስቴ ድገሙት። በሞቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ነውር ነው። የጋለ ብርጭቆ ላይ ውሃ ሲፈስበት ምን ይሆናል? ቴስታታውም እንደዚያው ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

ዝገቱ የጸና ከሆነ የተዘጋጀ የራዲያተር ማጠቢያ ይሸጣል፤ በላዩ ላይ በተጻፈው መጠንና ሰዓት ብቻ ተጠቀሙ፣ ከዚያም በብዙ ውሃ አለቅልቁት። በረኪና፣ ኦሞ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ የሚሏችሁን ግን አትስሙ። የዛሬ ራዲያተሮች አብዛኞቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ በረኪናውም አሲዱም አሉሚኒየም ይበላል። ኦሞው ደግሞ አረፋውን የት ታደርሱታላችሁ?

ስትሞሉ

ሁለት ዓይነት ኩላንት ይሸጣል፤ አንዱ ተበርዞ የተዘጋጀ ነው፣ ሌላው ያልተበረዘ ነው። የተበረዘውን ዳግመኛ አትበርዙት። ያልተበረዘውን አብዛኛውን ጊዜ እኩል በእኩል ከባትሪ ውሃ ጋር ነው። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፦ ስታፈስሱ ሁሉም ውሃ አይወጣም፣ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚቀር አለ። ስለዚህ የመኪናችሁ ልክ 5 ሊትር ከሆነ (ትንንሾቹ መኪኖች በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ) መጀመሪያ ሁለት ሊትር ተኩል ያልተበረዘ ኩላንት አስገቡ፤ ከዚያ የቀረውን ቦታ በባትሪ ውሃ ሙሉ። ልኩ እኩል በእኩል ይመጣል።

በቀለም አትታለሉ። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አረንጓዴም ሁሉ አንድ አይደለም። ቀለም ፋብሪካው የሚመርጠው ነው። የመኪናዋ መጽሐፍ የሚለውን ዓይነት ፈልጉ፤ የተለያየ ዓይነት አትቀላቅሉ፣ ሊረጋና ሊዘቅጥ ይችላል።

ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ማሞቂያው ሞቃት ላይ ሆኖ ከቀዝቃዛው ሞተሩን አስነሱና ቀስ ብሎ ይሥራ። ውስጥ የታሰረ አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ፈሳሹ ዝቅ ሲል ጨምሩ። ፊታችሁን በላዩ አታድርጉ። አረፋው ሲያቆምና ሲሞላ ክደኑ። ማጠራቀሚያዋን «ማክስ» እስከሚለው መስመር ሙሉ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና እዩት፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አትደንግጡ፣ አየር ነው። ከሳምንት በኋላም ዝቅ ካለ ግን ደንግጡ።

የተለመደው ኩላንት በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ረጅም ዕድሜ የሚባሉት እስከ አምስት ዓመት ይሄዳሉ። በየሳምንቱ ሞተሩ ሳይሞቅ ማጠራቀሚያዋን በዓይን ማየት ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የወጣውንስ የት ትደፉታላችሁ?

ይህን ሳታነቡ እንዳትነሱ! ኩላንት መርዝ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጣዕሙ ጣፋጭ መሆኑ ነው፤ ውሻም ይልሰዋል፣ ሕፃንም ይጠጣዋል። ኩላሊት ይገድላል። እኛ ቤት ደግሞ የተረፈ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ሃይላንድ ውስጥ ነው። ቀይ ኩላንት በሃይላንድ ሞልታችሁ ደጃፍ ላይ ብታስቀምጡት የአራት ዓመት ልጅ ለስላሳ መጠጥ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው! የወጣውን በጀሪካን አድርጉ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑ፣ በላዩ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ፣ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ለብቻው አስረክቡ። ቦይ ውስጥም ግቢ ውስጥም አይደፋም። ሰው ከጠጣው ደግሞ ደህና መስሏል ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ቴርሞስታቱ ይውጣ?

አይውጣ! ይህ ምክር ከጋራዥ ጋራዥ እንደ ተረት ሲዞር ይኖራል። ቴርሞስታት ከሌለ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ሥራውን በወጉ ስለማይሠራ ብረቱ ቶሎ ይፈገፈጋል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ጭራሽ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ይዞራል፤ ሙቀቱ ይብሳል። ተበላሽቶ ከሆነ ይቀየር። አውጥቶ መጣል ትኩሳት የያዘውን ሰው ትቶ ቴርሞሜትሩን እንደ መስበር ነው።

ራዲያተር ሲያንጠባጥብ እንቁላል፣ ዱቄት፣ በርበሬ የሚጨምሩም አሉ። ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር ጤነኛውን ቱቦስ የማይደፍን መሰላችሁ?

መንገድ ላይ ከፈላች

ዓባይ በረሃን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ ከሥር ያ ሙቀት ተቀብሏችሁ፣ ወዲያው ወደ ደጀን ያን ሁሉ መልሳችሁ መውጣት ነው። ራዲያተር የሚፈተነው እዚያ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ካያችሁ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ (ላብ ቢያጠምቃችሁም ሞተሩን ያግዛል)፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ኮፈኑን እንፋሎቱ ሲበርድ ክፈቱ፣ ክዳኑን ግን አትንኩ። ብዙ ቪትዞች የሙቀት መርፌ ስለሌላቸው ቀይዋ መብራት ስትበራ ነገሩ አስቀድሞ ከሮ ነው። «እስከዚያ ማደያ ልድረስ» ያለ ሰው ነው ቴስታታ የሚያስገለብጠው። ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ ሁለት ሳምንት ጋራዥ!

እንግዲህ ወንድማችን...

ወደ አንተ ስንመለስ፣ ቅደም ተከተልህ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ክዳኑን ቀይር፤ ከሁሉም ርካሹ ነው። ቀጥሎ ካርቶኑን አንጥፍ። ሦስተኛ፣ ከላይ እንዳልነው ከውጭም ከውስጥም እጠባትና በደህና ኩላንት ሙላት። ፋኑ ሲሞቅ የሚነሳ መሆኑንም እግረ መንገድህን ተመልከት፤ ፋኑ ከሞተ ራዲያተር ብትቀይር ለውጥ የለውም። ይህን ሁሉ አድርገህ ውሃው መጉደሉን ካላቆመ፣ ካርቶኑም ደረቅ ከሆነ፣ ከኋላም ነጭ ጭስ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ፣ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው፤ የቴስታታው ጋስኬት ሳይሆን አይቀርም። ያኔ አንድም ደንበኛ ሳትጭን ወደምታምነው መካኒክ ሂድ። ጋስኬት ብቻውን እያለ ከደረስክበት ከነሕይወቱ የሚተርፍ ሞተር ነው። «ይህን ሳምንት ልሥራበትና» ካልክ ግን የእናትህንም የእህትህንም እንጀራ አብረህ ታፈላዋለህ።

የምትሄድበት መካኒክ «ይቀየር» ሲልህ አትሟገተው፤ «ጋሼ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ መጀመሪያ ያሳዩኝ» በለው። ራዲያተሩን በግፊት ፈትሾ ቀዳዳውን የሚያሳይህ ሰው ገንዘብህን ይገባዋል። ሳያሳይ የሚያስከፍልህ ግን እሱም እንደ ውሃው እያሳሳቀ ነው የሚወስድህ።

ለእጮኛህም ሰላምታችንን አድርስልን። ቢሾፍቱን ደግሞ ሳትፈላ ደርሳችሁ ያብላችሁ!

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጎበዝ፣ የፊታችን እሁድ ከመተኛታችሁ በፊት ኮፈናችሁን ከፈት አድርጉ። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!